«ባሕሩን ማን ወሰደው?»

ባለፈው እትም ከባለቤቴ ጋር የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ሄጄ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አለፍኩ። ጦሱ ለእኔ ተረፈ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ አማች የሚጽፍልኝ ሰው ሁሉ ሌላውን ትቶ ስለ ባሕር መጠየቅ ያዘ። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ። አስቀድሜ ልናገር፦ አስጎብኚ አይደለሁም። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ ተሳስቼ፣ አንዴ ታርሜ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሠርጌ ጥር ውስጥ ነው። ጫጉላችንን ሐዋሳ እናሳልፍ ስል እጮኛዬ ዛንዚባር ካልሆነ አለ። 6 ሌሊት ነው። እኔም አንዴ ከወጣን አይቀር ብዬ ዝርዝር አወጣሁ፦ አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን፣ የቅመም እርሻ፣ ዶልፊን፣ የጆዛኒ ጫካ፣ የኤሊዎቹ ደሴት፣ ምኔምባ ደሴት ላይ ጠልቆ ዓሣ ማየት። ዝርዝሩን አይቶ «ይሄ ጫጉላ ነው ወይስ የመስክ ሥራ?» አለኝ። ተኳርፈናል። ሆቴልም አልያዝንም። እኔ የምሥራቁን ዳርቻ ወድጄዋለሁ፣ ዋጋውም ይሻላል። እሱ ሰሜኑን ይላል። ማናችን ነን ልክ? (ሙሽሪት፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ሙሽሪት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ።

በዝርዝሩ እጮኛሽ ልክ ነው። በሆቴሉ ግን ሁለታችሁም ገና ናችሁ፤ ባሕሩን አልጠየቃችሁትማ። የእኛን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሄድነው 20ኛ ዓመት ጋብቻችንን ምክንያት አድርገን ነው። ያረፍነው ጃምቢያኒ፣ በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ነቃሁ። ሞገዱ ደጃችን ላይ የሚመታ ይመስላል። ደስ ብሎኝ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ባለቤቴ መጋረጃውን ገለጠ። ዝም አለ። ከዚያ «እስኪ ነይ፣ ነይ» አለኝ። ብመጣ ባሕር የለም። ዓይን እስኪደክም ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ ጀልባዎቹ ጎናቸውን ጥለው እንደደከመ በሬ ተኝተዋል። ባሕሩ ሩቅ፣ ቀጭን ሰማያዊ ክር ሆኗል።

«ባሕሩን ማን ወሰደው?» አለ ባለቤቴ።

እንግዲህ እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ሐዋሳ ሐይቅ አድሮ የትም አይሄድም። ላንጋኖም ጣናም ትናንት ባየሽበት ታገኚዋለሽ።

እንግዳ መቀበያው ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በየቀኑ ይጻፍበታል። ባለቤቴ አንብቦ መጣ። «አይዞሽ፣ 4 ከ20 ላይ ይሞላል» አለኝ። የዋና ልብሳችንን ለብሰን፣ ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን ተቀመጥን። 4 ሰዓት ሆነ። 4 ከሩብ። 4 ከ20። ባሕሩ ይባስ ብሎ ራቀ። ባለቤቴ የዘገየ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አንዴ ሰዓቱን አንዴ አድማሱን ያያል። በመጨረሻ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሳቋን እየዋጠች መጥታ ነገረችን። ሰሌዳው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 4 ከ20 የተባለው እኔ ድምፁን የሰማሁበት የሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቀጣዩ ሙላት ከታች 16፡45 ተብሎ ተጽፏል። በእኛ ከቀኑ 10 ከ45 ማለት ነው። ባለቤቴ የታችኛውን መስመር አላነበበውም።

የሚገርመው ደግሞ ሌላው ነገር ነው። ጀልባ ነጂው በስዋሂሊ ሲናገር ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። «ሳ ሞጃ» ማለት 1 ሰዓት ነው፤ እሱም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የጠዋቱ 1 ሰዓት። «ሳ ታቱ» 3 ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ግራ ሲጋቡ እኔ ኮራሁ። ሰዓትን «ሳ»፣ ደቂቃን «ዳኪካ»፣ ወቅትን «ዋካቲ»፣ ባሕርን «ባሃሪ» ይሉታል። እንግዲህ ልብ በይ፦ የተጻፈውና በእንግሊዝኛ የሚነገርሽ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ በስዋሂሊ የሚነገርሽ በእኛ። ጀልባ ስትቀጥሩ «አሱቡሂ» ነው ወይስ «ጂዮኒ» ብለሽ ጠይቂ። ጠዋት ነው ወይስ አመሻሽ ማለት ነው። እኛ ሳንጠይቅ አንድ ጀልባ አምልጦናል።

አሁን ወደ ሆቴሉ። ባሕሩን የምትጎትተው በዋናነት ጨረቃ ናት። ለ6 ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ለ6 ሰዓት ያህል ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል፤ ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። ግማሽ ጨረቃ ስትሆን ይቀንሳል። ምሥራቁ፣ እነ ጃምቢያኒ፣ ፓጄ፣ ብዌጁ፣ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። እዚያ 4 ሜትር ውሃ ሲወርድ ባሕሩ እስከ ኪሎ ሜትር ሊሸሽ ይችላል። ሰሜን ላይ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ መሬቱ ቶሎ ስለሚጠልቅ ውሃው ዝቅ ቢልም ብዙ አይርቅም። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ እዚያው አለ።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ የምትሄዱበት ሳምንት ጨረቃዋ ምን እንደምትሆን ተመልከቱ። ሙሉ ወይም አዲስ ከሆነችና የእናንተ ዓላማ መዋኘት ከሆነ፣ እጮኛሽ እንዳለው ሰሜን ሂዱ። ሰው ይበዛል፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል፤ ግን ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትገባ ታያላችሁ። ምሥራቁ መውጫዋን ነው የሚያሳየው፤ ሙሽራ ደግሞ በዚያ ሰዓት አይነሣም። ጨረቃዋ ግማሽ ከሆነች ያንቺ ምሥራቅ ምንም አይወጣለትም። እኔን ከጠየቅሽኝ ምሥራቁን እወደዋለሁ፤ የምወደውም በመሸሹ ነው።

ያን ቀን ባሕሩ አልመጣ ሲለን ወደ እሱ ሄድን። በባሕር ወለል ላይ በእግር መሄድን የሚያህል ነገር የለም። መንገዳችን ላይ ሴቶች አገኘን፤ ልብሳቸውን ከፍ አድርገው ሸብ አድርገዋል፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ናቸው። አሸዋው ላይ እንጨት ተክለው በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ወጥረዋል። ገመዱ ላይ የባሕር አረም ቁርጥራጭ በየስንዝሩ ያስራሉ። «ምዋኒ» ይሉታል። እርሻ ነው። ባሕሩ ሲሄድ ይገባሉ፣ ሲመለስ ይወጣሉ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል። የሚወጣለት ማወፈሪያ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። አንዷ ሴትዮ ቀና ብላ ባለቤቴን አየችው፣ ከዚያ እግሩን አየች። ባዶ እግሩን ነበር። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ትንሽ ሳንርቅ እንደ ጃርት ጥቁር እሾህ ያለው ፍጥረት ረገጠ። ሆቴል ስንመለስ የወጥ ቤቷ ልጅ ያልበሰለ ፓፓያ ሰንጥቃ ነጩን ፈሳሽ ቀባችው፤ እዚያ አገር የታወቀ ነው አሉን። ለማንኛውም የጎማ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ከአዲስ አበባ ግዙ፤ እዚያ የቱሪስት ዋጋ ነው።

ዝርዝርሽን በተመለከተ፦ ከስድስቱ ሁለቱን ያዢ። የቅመም እርሻውንና ስቶን ታውንን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። እርሻው ላይ ቅርንፉድ ዛፍ ላይ አየሁ። ለዘመናት ሻይ ውስጥ የጣልኩት ነገር ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ኖሯል! ከዛፉ ላይ አረንጓዴና ቀላ ያለ ሆኖ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚጠቁረው። የሰፈሩ ሁሉ መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ይሸታል። ከተማው ላይ የድሮውን የባሪያ ገበያ ቦታ እዩ። በፈረንጅ 1873 ነው የተዘጋው፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። ለሙሽራ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሳያዩ መመለስ ነውር መስሎ ይሰማኛል። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ሄዳችሁ በዝንጅብልና በሎሚ የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ ጠጡ።

ጆዛኒን ካማረሽ ከከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትሄዱ መንገድ ላይ ነው፤ ቀዮቹን ጦጣዎች አንድ ሰዓት አይታችሁ ታልፋላችሁ። ዶልፊኑን ተዪው። ስምንት ጀልባ አንድ ዶልፊን ሲያሳድድ አይቻለሁ፤ ደስ አይልም። በምትኩ ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ብቅ የምትል የአሸዋ ክምር አለች። ናኩፔንዳ ትባላለች፤ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። ሲሞላ ትሰጥማለች። እጮኛሽ ካኮረፈ እዚያ አስታርቂው፤ ጀልባው እስኪመጣ የትም ማምለጫ የለውም።

ቀሪውን አራት ቀን ምንም አትሥሩ። ይሄ ለእኛ ሰው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አንዴ ልብስ ሳጣጥፍ፣ አንዴ ስልክ ስነካካ፣ አንዴ ለማን ምን እንግዛ እያልኩ ባሌን አደረቅሁት። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ከኮኮናት ቅጠል ጣራው ሥር ተቀመጥን። ባሕሩ መመለስ ጀመረ። እንደ ሞገድ አይደለም የሚመጣው። መጀመሪያ ቀጫጭን ክር ሆኖ በአሸዋው ስንጥቅ ይገባል፣ ኩሬዎቹን ያገናኛል። ሸርጣኖቹ ይሮጣሉ። ቀጥሎ ከተኙት ጀልባዎች የአንዱ ሆድ ሥር ውሃ ገባ። ጀልባው ትንሽ ነቃ አለ። ቆየት ብሎ እንደገና። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ተቃና፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ይህን አየን። በ20 ዓመት ትዳራችን ሦስት ሰዓት ሳንነሣ አብረን የተቀመጥነው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ባለቤቴ መሃል ላይ «ሻይ ልጥራ?» አለኝ፣ ከዚያ ሳይጠራ ቀረ።

ለጉዞው የሚያስፈልገውን ቶሎ ልበልና ላብቃ። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ነው። ቪዛውን አስቀድማችሁ በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ጨርሱ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ይጠይቋችኋል፣ ቢጫዋን ደብተር አትርሱ። ከጥቅምት 2024 በፈረንጅ ወዲህ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ እንግዳ የደሴቲቱን የጉዞ ዋስትና መግዛት ግዴታው ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር። እኛ በሁለተኛው ጉዟችን እቤታችን ሆነን በኢንተርኔት ነው የከፈልነው። የቀደሙን አንድ ባልና ሚስት አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው ሲሯሯጡ አይተናል። ያረጀና የተቀደደ ዶላር አይቀበሉም። ምሥራቅ ዳርቻ ላይ የገንዘብ ማሽን እንደ ልብ አይገኝም፤ ከከተማ ሳትወጡ ሺሊንግ ያዙ።

ወቅቱን ደግሞ ሳታስቡት ደህና አድርጋችሁ መርጣችሁታል። ጥር ደረቅና ሞቃት ነው፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው «ካስካዚ» ያለበት ጊዜ። ትልቁ ዝናብ የሚመጣው በመጋቢትና በግንቦት መካከል ነው። ወበቁ ግን ወበቅ ነው። ፀጉርሽን ተሠርተሽ ሂጂ፣ ካስክ አትያዢ።

ጥያቄ፦ 51 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ያደገችው ጣና ዳር ነው፣ እንደ ዓሣ ትዋኛለች። እኔ ዋና አልችልም። ልጆቻችን ለሁለታችን ትኬት ቆረጡልን። እሷ ስትዋኝ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ ልብስ ጠባቂ ልሆን ነው? (አፈር የሚሻለው፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ዛንዚባር ዋና ለማይችል ሰው ከጣና ይሻላል። ምሥራቁ ላይ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ነጭ አረፋ የሚሰበርበት መስመር ያያሉ። ኮራሉ፣ ድንጋይ የመሰለው የባሕር ግድግዳ፣ እዚያ ነው፤ ትልቁን ሞገድ ያስቀርልዎታል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ውሃ በሙላትና በጉድለት መካከል ሲሆን ወገብ ድረስ ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ ታቹ ይታያል። ጨዋማ ስለሆነ ደግሞ ሰውነት ያነሣል። እኔም ዋና አልችልም። በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ባለቤቴ እጁን ከጀርባዬ ሥር አድርጎ፣ በኋላ ሳይነግረኝ አውጥቶ። ተናድጄ ሦስት ቀን ነገርኩት።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁልኝ። አንደኛ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ተከትለው እስከ አረፋው መስመር አይሂዱ፤ ከሄዱም ከመንደሩ ሰው ጋር ይሁኑ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት አውቀው። ሲመለስ ከፊትዎ ብቻ አይመጣም፤ ከኋላዎ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላና መሃል ላይ ያስቀርዎታል። ሁለተኛ፣ ጀልባ ላይ ሲወጡ መንሳፈፊያ ጃኬት ይጠይቁ። «ችግር የለም፣ ሃኩና ማታታ» ይሉዎታል። እርስዎ ግን እስኪያመጡት ይቁሙ። ባለቤትዎ ቢስቁብዎ ይሳቁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔና ባለቤቴ የምንሄደው በጾም ነው። ሌላ ጊዜ ፈቃድ አላገኘንም። ባሕር ዳር ያለው ሁሉ ዓሣና ኦክቶፐስ ነው አሉን። ዳቦ በሻይ ልንውል ነው? (ጿሚዋ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ምን በወጣሽ! ዛንዚባሮች ወጣቸውን በኮኮናት ወተት ነው የሚሠሩት። ያ ወተት ደግሞ ከላም አይደለም። ቀይ ባቄላ የመሰለ ጥራጥሬ በኮኮናት ወጥተው «ማሃራጌ» ይሉታል፤ እንደ ሽሮ የሚያጠግብ ነው። በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ አለ። «ምቺቻ» የሚሉት ጎመን አለ፤ ቻፓቲ ከሚሉት ቂጣ ጋር ግሩም ነው። የሚቸግረው ሳይነግሩሽ የሚጨምሩት ነው። ስለዚህ ሦስት ቃል ያዢ፦ «ቢላ ንያማ» ያለ ሥጋ፣ «ቢላ ማያዪ» ያለ እንቁላል፣ «ቢላ ማዚዋ» ያለ ወተት። ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ ስላቸው የምግብ ቤቱ ሰውዬ «ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለኝ፤ ግን ሠራልኝ። ማንዳዚ የሚሉትን የቁርስ ብስኩት ጠይቀሽ ብዪ፤ አንዳንዱ ወተት አለው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ፤ እኔን እዚህ ውስጥ አታስገቢኝ። ኦክቶፐሱን ግን ስምንት እግሩን ዘርግቶ አሸዋ ላይ ሲቀጠቀጥ ካየሽ በፍስክም አያምርሽም።

አንድ ነገር፦ የደሴቲቱ ሰው ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። አንዳንድ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ይገጣጠማሉ። እንዲያ ከሆነ ቀን ቀን የከተማው ምግብ ቤት አብዛኛው ዝግ ነው፣ መንገድ ላይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው። ለእናንተ ምን ይከብዳችኋል? ፀሐይ ስትጠልቅ አብራችኋቸው ፎሮዳኒ ትወርዳላችሁ።

ጥያቄ፦ አንቲዬ፣ ሰላም ነሽ? እኛ አራት እህትማማች ነን፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። እማዬና አባዬ ተጋብተው 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው። አዲስ አበባ ናቸው። ሰርፕራይዝ አድርገን ዛንዚባር አንድ ሳምንት ልንልካቸው ነው፣ ትልቅ ሪዞርት። ታላቅ እህቴ ግን «እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ባሕር ውስጥ ልትገባ ነው? ተዉ እንጂ» አለች። ምን ትያለሽ? (ሦስተኛዋ)

መልስ፦ ሦስተኛዋ፣ እጃችሁ ይባረክ። ሰርፕራይዙን ግን ሰርዙት። እናታችሁ ለመንገድ ሦስት ሳምንት የምትዘጋጅ ሴት ትሆናለች፤ የኛ እናቶች እንዲህ ናቸው። ቤቱን ለማን እንደምትተው፣ ማኅበሩ የማን ተራ እንደሆነ፣ ሠራተኛዋ ምን እንደምትበላ ሳታስተካክል አውሮፕላን ላይ ብትወጣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ላይ ናት። አሁኑኑ ንገሯት።

ትልቁን ሪዞርትም እንደገና አስቡበት። እንዲህ ያለው ቦታ ግቢው ራሱ ከተማ ነው። ለቁርስ በኤሌክትሪክ መኪና ይወስዱሻል። ምግቡ ቡፌ ነው፣ ዙሪያውን ሁሉ ፈረንጅ ራቁቱን ይተኛል። አባትሽ ዓይናቸውን የት ያሳርፉ? መንደር ውስጥ ያለ፣ ስምንት አሥር ክፍል ብቻ ያለው፣ የምግብ አብሳይዋን ስም የሚያውቁበት ቦታ ይሻላቸዋል። ሁለት ሌሊት ደግሞ ስቶን ታውን ያድሩ። እዚያ ቤቶቹ ደጅ ላይ የድንጋይ መቀመጫ አለ፣ «ባራዛ» ይሉታል። ሽማግሌዎች ማምሻውን እዚያ ተቀምጠው «ባኦ» ይጫወታሉ። የኛው ገበጣ ነው፤ ጉድጓዱ በዝቶ 4 ረድፍ፣ በየረድፉ 8። ጠጠሩ 64 ነው። ባለቤቴ አንድ ምሽት ሙሉ ቆሞ አይቶ ሕጉን ገባኝ አለ፣ ተቀምጦ በአሥር ደቂቃ ተሸነፈ። ቡናም አለ፤ ጀበናው እንደኛ ባይሆንም በትንሽ ስኒ ነው፣ ያለ ስኳር። አባትሽ ከዚያ አይነሡም።

የእናትሽን ነጠላ በተመለከተ እህትሽ አታስብ። የዛንዚባር ሴቶችም ባሕር የሚገቡት ለብሰው ነው። እንዲያውም መንደር ውስጥ በዋና ልብስ የሚዞረው እንግዳ ነው የሚያሳፍራቸው። «ካንጋ» የሚባል ጨርቅ አለ፤ ደማቅ፣ ባለ ጥለት፣ ሁሌም ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ። አንዱን ይታጠቁታል፣ አንዱን እንደ ነጠላ ይደርቡታል። እናትሽ ካንጋዋን ታጥቃ እስከ ጉልበቷ ትገባለች። ከዚያ እስከ ወገቧ። ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

ካንጋው ጠርዙ ላይ በስዋሂሊ የተጻፈ አባባል አለው። ሴቶቹ ለባል፣ ለጎረቤት፣ ለጣውንት በአፍ የማይሉትን በጨርቁ ይሉታል። ስለዚህ ለእናትሽ ስትገዙ አስተርጉሙ። እኔ ሳላስተረጉም ነው የገዛሁት፤ ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፣ ወደድኩት። ለብሼው ቁርስ ላይ ብቅ ስል የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ያቺው የሰሌዳዋ፣ አነበበችውና አፏን በእጇ ሸፈነች። ምን ይላል ብላት «ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው» ብቻ አለችኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያቺን ልጅ በስልክ ጠይቂያት እያለ ይወተውተኛል። እኔ ግን አልጠየቅኋትም። ጨርቁን እቤት ውስጥ ነው የምለብሰው።